ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚላክ ትእዛዝ ትርፍ ሰዓት ሊባል ይገባል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ኑሮን ቢያቀልም የሰውን ጉልበት አሟጠጠ የሚል ምሬት እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዘወትር ይሰማል። ምሬቱን በጅምላ አልቀበለውም። ከእንጦጦ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉልበት ወሰደ ለማለት አፉን አይሞላም። እኛም እዚህ ከከተማው ዳር ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክመን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ፣ የቧንቧ ውኃ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ወገባችን ይነግረናል። ምጣዱም ቧንቧውም ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል፤ ስልኩ ግን አይዘጋም፤ የሚያደክመንም እርሱ ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመብራትና ለውኃ ክፍያ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ መዋል ለብዙዎቻችን ቀርቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተረፈው ጊዜ ግን ለዕረፍት አልዋለም። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት የምታገለግል ጎረቤቴ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ ስትመለስ መሽቶ ነው። እራት ቀርቦ ሳለ የመሥሪያ ቤቷ የቴሌግራም ግሩፕ ይጮኻል፤ «ሪፖርቱ አሁኑኑ ይላክ» ይላል። በወጥ የተነካ ጣቷን ጠርጋ መልስ ትጽፋለች፣ ልጇ ጉርሻ እየጠበቀ። መልእክት ባይመጣ እንኳ ዐይኗ ከስልኩ አይነቀልም፤ ሊመጣ ይችላልና። ከተኛች በኋላም ስክሪኑን ታያለች፤ የስክሪን ብርሃን ደግሞ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን እንደሚያዘገይ የታወቀ ነው።

ድካሙ የመጣው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከመዋል ነው የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የአሜሪካው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ድካም የማይለያቸውና እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ ወጣቶች ለ6 ሳምንት ቀለል ያለ የአካል እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ድካማቸው መቀነሱን አሳይቷል። ዳሩ ግን ምሽቷም የመሥሪያ ቤቱ የሆነባት ሴት መቼ ወጥታ ትራመድ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለውም ሥራው የሚከናወንበትን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ለግሩፑ መልስ ለመስጠት ተዘጋጅቶ የሚያድር ሠራተኛ ጊዜው የማን ነው? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሥራ መልእክት የመራቅ መብት እንዲኖራቸው በሕግ ደንግጋለች። እኛ ዘንድ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪዎች ጋር በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ድንገተኛ ጉዳይ ሲያጋጥም ደግሞ በምሽት የተሠራው ሥራ እንደ ትርፍ ሰዓት ተመዝግቦ ይከፈልበት። ዝግጅት ክፍላችሁም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን በዚህ ጉዳይ ጠይቆ ምላሹን ለአንባቢያን እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ