አሥራ አራት ፍሬ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የሚያደርስልዎ የጀልባው ልጅ ነው። ስደውል «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ብለው ስልኩን ለእማዬ ስለሚሰጡብኝ ነው መጻፌ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። ትናንት ከቅዳሴ ሳይመለሱ የጉበቱን ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ሲን፣ መድኃኒትዎን ቆጥሬአለሁ። ብልቃጡን ነጠላዬ ላይ ገልብጬ አንድ በአንድ። 28 ፍሬ ነው የሚይዘው፤ ሁለተኛውን ብልቃጥ ከጀመሩ 17 ቀን ስለሆነ 11 መቅረት ነበረበት። 14 ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 14። ከድኜ ወደ መስኮቱ መለስኩትና፣ እርስዎ ሲገቡ ስለ ቡና ዋጋ አወራን።

ለምን እንደዘለሉ እማዬን አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልከሰሰችዎትም። ግን ይገባኛል። ራስ ምታቱ አለ፣ እንቅልፉ የለም፣ ጾሙ ገባ። በዚያ ላይ በዚሁ በሽታ የታመሙት ወንድምዎ፣ ጋሼ፣ ትዝ ይሉዎታል።

እኔም አልረሳኋቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር። አዲስ አበባ እሳቸው ቤት ክረምቱን ያሳለፍኩ ጊዜ በየሳምንቱ ሆዳቸው ላይ ያን ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ይወጉ ነበር። በተወጉ ማታ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፤ ሦስት ብርድ ልብስ እንደርብላቸዋለን፣ ከላዩ ጋቢ። ጠዋት ትራሳቸው ላይ የረገፈ ፀጉር እለቅም ነበር። አብሮ የሚዋጠው ሪባቪሪን ደግሞ ደማቸውን አሳነሰው፤ ሁለት ደረጃ ወጥተው ይቀመጡ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ልቅሶው ነው። ያ ተጫዋች ሰው ወደ ግድግዳ ዞረው ሲያለቅሱ ዘመድ ተሰብስቦ ቡዳ ነው አለ፤ ጠበል ተወሰዱ። መርፌው ራሱ ሰውን እንዲህ ሊያስከፋ እንደሚችል ለቤተሰቡ የነገረ አንድም ባለሙያ አልነበረም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። 48 ሳምንት ያን ሁሉ ችለውት ቫይረሱ አልጠፋም። ያኔ ከሁለት ታማሚ አንዱ ቢድን ነበር።

ወንድሙ እንዲያ ሲሆን ያየ ሰው ኪኒን ቢፈራ አልፈርድበትም። ግን አባባ፣ የእርስዎ ሌላ መድኃኒት ነው። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር፣ ሁለቱ በአንድ ፍሬ። መርፌ የለው፤ በቀን አንዷን ለ12 ሳምንት መዋጥ ነው፣ በድምሩ 84። በሥርዓቱ ከዋጡት ከመቶ ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ራስ ምታትና ድካም ያመጣል፣ አንዳንዱንም ያቅለሸልሸዋል። የለም አልልዎትም፤ ምንም አይል የሚሉት ያልዋጡት ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅሁ፤ አልተቆጣም። የተዘለለውን አካክሳለሁ ተብሎ ሁለት በአንድ ጊዜ አይዋጥም፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም፤ ስለዚህ ማታ ጾሙን ሲፈቱ ይዋጡት፣ ሰዓቱ ግን አይቀያየር። ከብልቃጡ አጠገብ ያየሁትን የጨጓራ ኪኒን ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ እንዳይነኩት። ቬልፓታስቪር ሰውነት ውስጥ የሚገባው የሆድ አሲድ ሲኖር ነው፤ ኦሜፕራዞሉ አሲዱን ቀንሶ መድኃኒቱን ያባክንብዎታል። ለወፍ በሽታ ነው ተብሎ የመጣልዎትን የሥር ዱቄትም ይተዉት፤ ጉበት ያለበት ሸክም ይበቃዋል።

ቡናውንስ ማን ነው የከለከለዎት? ዘጌ ተወልዶ፣ በቡና ጥላ ሥር አርጅቶ፣ ሲፈላ ተነስቶ ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው! ሐኪሙ ስነግረው ሳቀ። እንዲያውም ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳው አነስ ብሎ ነው የሚታየው አለኝ። ለእንቅልፍዎ ሲባል የማታው ይቅር፤ የጠዋቱን ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይሉ እንዳይነሱ።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። ትናንት ከለዩት ሳህን ሲበሉ እያየሁዎት ነበር። እጅዎ ሽሮውን በእንጀራ ጠቀለለ፣ ወደ እኔ ተዘረጋ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ወደ ራስዎ አፍ ተመለሰ። እርስዎም አይተውት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን አየሁት። በጀልባው ስመለስ ጣና ጸጥ ብሎ ነበር፤ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጉርሻ አማረኝ ብል ይሳቁብኝ።

ይህ በሽታ በሳህን አይተላለፍም። በዋንጫም፣ በመሳምም፣ ከአንድ መሶብ በመብላትም አይተላለፍም። ከደም ወደ ደም ነው መንገዱ። ምላጭዎን፣ የጥርስ ብሩሽዎንና የጥፍር መቁረጫዎን ለብቻዎ ያድርጉ፤ ሌላ የሚለይ ነገር የለም። ከጽዋ ማኅበሩም የቀሩት በከንቱ ነው። ለጠላው ሲሉ ከሆነ እሰየው፣ ጠላው ይቅርብዎ፤ ሰዎቹ ግን ምን አደረጉ?

«በየትኛው ኃጢአቴ» ያሉትን እማዬ ነግራኛለች። በልጅነትዎ ድሬሰሩ በአንድ መርፌ መንደሩን በሙሉ ሲወጋ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ይሁን ከሌላ ሐኪሙም ቆርጦ አይናገርም። ቫይረሱ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በፈረንጆቹ 1989 ነው፤ ያኔ እንዲጠነቀቁት ማን ያውቀው ነበርና?

የመጨረሻዋን ፍሬ ከፋሲካ በኋላ ይውጣሉ። ከዚያ 12 ሳምንት ቆይተን፣ ሐምሌ ላይ ደም ሰጥተን እናያለን። ድካሙ ያኔም ቶሎ ላይለቅዎ ይችላል፤ ጠባሳው ስላለ የጉበት ክትትሉም አይቀርም። ያኔ ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራም» እንዳይሉኝ ከአሁኑ ልንገርዎ ብዬ ነው።

እሑድ ሦስተኛውን ብልቃጥ ይዤ እመጣለሁ። ኪኒኑን እቆጥራለሁ፤ አሁን ግን እርስዎ ፊት። የለዩትን ሳህን ለድመቷ ይስጧት። ከቅዳሴ እስኪወጡ እማዬ መሶቡን ታቀርባለች፤ የመጀመሪያው ጉርሻ የእኔ ነው፣ ለልጆቹ ቀድመው እንዳይሰጡብኝ።

ልጅዎ