ጥያቄውን አጥብበው

ከደሴ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፅህን ሳልሰማ መቆየቴ ከልብ ቆጭቶኛል። በመካከላችን ያለው የሐረጎ ዳገት ብቻ ነው፤ እሱም ከበደን። ተማሪዎችን «ፍትሕንና አንድነትን ከታሪክ መማር» በሚል ርዕስ በጽሑፍ ልታወዳድር ማሰብህን ስሰማ ግን ዝምታው ይብቃ አልኩ።

ርዕሱን እንዳለ እንዳትሰጣቸው። እንዲህ ሲሰፋ አብዛኛው ጽሑፍ ከዓድዋ ተነሥቶ «ወሎ የፍቅር አገር ነው» ላይ ያርፋል። ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ዳኛው የሚመዝነው ማስረጃ ስለማያገኝበት ነው። «በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የተፈለገው አንድነት ምን ዓይነት ነበር? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?» ብለህ ጠይቅ። ቦታው እዚሁ ደጃችን ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤውን የጠሩት አገሩን በአንድ ሃይማኖት ለማስተባበር ነበር። ተዋሕዶ ረታ፣ «ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው» የሚለው የሦስት ልደት ወገን ተወገዘ፣ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። የሃይማኖት መምህሩ ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው አመፁ። አንድነት ሲፈለግ ፍትሕ እንዴት እንደሚጓደል ተማሪው ከዚህ ይልቅ ጥርት አድርጎ የሚያይበት ቦታ አላውቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ክርስቲያኖች እንዲህ አደረጉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከመጣ ለእርማት ይመለስ። ያዘዘው የዘመኑ ቤተ መንግሥት ነው፤ የተወገዙትም ራሳቸው ክርስቲያኖች ነበሩ።

ሌላ አማራጭ ከፈለግህ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ኢጣልያ የተፈራረሙት የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አለልህ፤ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ስለመጻጻፋቸው የሚናገረው። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው በጣልያንኛው ግዴታ ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አንዲት ግሥ አገርን እንዴት ለጦርነት እንዳበቃች ይጻፉ።

የሽማግሌ ቃል እንደ ማስረጃ ይቆጠር። የ1965ቱንና የ1966ቱን ረሀብ ያየ ሰው ዛሬም አለ፤ ቦሩ ሜዳን ያየ ግን የለም። ስለዚህ ተማሪው «ይህን ከማን ሰሙት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከአያታቸው ከሆነም ከአያታቸው ብሎ ይጻፍ። ያ ካልተጻፈ አፈ ታሪኩና የዓይን ምስክሩ ይደባለቃሉ።

ብዙውን የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኛን ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይደመራል። የዓድዋ ክተት የታወጀው መስከረም 1888 ስለሆነ በፈረንጅ 1895 ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ስለዋለ 1896 ይሆናል። ይህ ያልገባው ተማሪ ወረኢሉ ላይ የከተተው ጦር ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ያስመስለዋል።

ስድስት ሳምንት ስጣቸው፤ በአራተኛው ረቂቁን ተቀብለህ አስተያየት ጻፍበት። የመጨረሻው ጽሑፍ ግን ቤት አይጻፍ፤ ከስልክ ተገልብጦ ይመጣል። ስልኩን በር ላይ አስቀምጠው፣ አንድ ገጽ ማስታወሻ ብቻ ይዘው አዳራሽ ይግቡና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ600 እስከ 800 ቃል ይጻፉ። ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ።

ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይኑር። በኛ አገር ስም ሲነበብ ሃይማኖትም አብሮ ይነበባል። ሁለት ዳኞች ለየብቻ ያርሙ፤ ልዩነታቸው ከ10 ነጥብ ከበለጠ ሦስተኛ ይየው። ከመቶው 35 ለማስረጃ፣ 30 ለሙግቱ፣ 20 የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በቅንነት ላቀረበ፣ 15 ለቋንቋ ስጥ። ለቋንቋ ከዚህ ካስበለጥክ አንደበተ ርቱዑ ምንም ሳያነብ ይወስደዋል። ሽልማቱ መጽሐፍ ይሁን።

ረቂቆቹ ሲደርሱህ ይዘሃቸው ውጣና አብረን እናንብባቸው፤ ቡናው ይፈላል። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ