ጨርቃችንንም ገመናችንንም ለጠበቃችሁልን

ውድ ተማሪዎቼ፣ የተማሪዎቼ ወላጆች፣ በዚያ ጠዋት ሥራችሁን ጥላችሁ የደረሳችሁልን ወዳጆች ሁሉ፤

የጨርቅ ሥዕልና የጥልፍ ኤግዚቢሽናችን በሰላም ተከፍቶ በሰላም ተጠናቀቀ። መክፈቻው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከዕቃ ማስቀመጫችን በላይ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ ነበር። ውኃው ሌሊቱን ሙሉ ሥራዎቹ ላይ ሲወርድ ማደሩን ላየ ሰው፣ ለዚህ ቀን እንበቃለን ብሎ ማሰብ ይከብደው ነበር። ለብዙዎቻችሁ ደውዬ አመስግኛለሁ፤ ግን አልወጣልኝም። የዋላችሁልን ውለታ በአደባባይ መነገር አለበት ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ክፍላችንን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ተማሪዎቹ አቡጀዴውን አጥበው፣ ቀለም ቀብተው፣ ከግል ማስታወሻቸው የመረጡትን በላዩ ላይ ጽፈው በመርፌና በክር ይጠልፉታል። አንዳንዱ ጽሑፉን በግልጽ እንዲነበብ ይተወዋል። አንዳንዱ ጽፎ ሲያበቃ ቀለም ያለብሰዋል፤ ሌላው ደግሞ ኪስ ሰፍቶ ይሸፍነዋል። ምን ያህሉ እንደሚታይ የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው። እኔ አስተማሪያቸው እንኳ ሳይፈቅዱልኝ አላነብም። የማርመው ስፌቱን እንጂ ጽሑፉን አይደለም።

ይህን ትምህርት የምወደው እጅን ስለሚያዘገይ ነው። በብዕር በአንድ ደቂቃ የሚጻፍ መስመር በክር አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ደግሞም የተቀባ ጨርቅ ላይ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ስፌቱ ቢፈታም አይደፈንም። ስለዚህ ተማሪው ክሩን ከመሳቡ በፊት እያንዳንዱን ቃል ይመዝናል። ሦስት ገጽ ጽፎ መጥቶ አራት ቃላት ብቻ የጠለፈ ልጅ አለን። እነዚያን አራት ቃላት ለመምረጥ የከፈለውን እኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ የዚያን ጠዋት ድንጋጤያችን ሁለት ነበር። አንደኛው የሥራዎቹ መበላሸት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተማሪዎቹ ለማንም ሳያሳዩ ያቆዩት ጽሑፍ ተገላልጦ በማያውቁት ሰው እጅ ሊገባ መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ያስለቀሳቸው ሁለተኛው ነበር።

ጉዳቱን መጀመሪያ ያዩት የጥበቃ ሠራተኛው ናቸው። ጋሼ፣ ጨርቆቹን በጫፋቸው ይዘው አለመጎተትዎ ስንቱን ሥራ እንዳዳነ አላውቅም። በመካከሉ ስስ ጥጥ የገባበት ጨርቅ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በአንድ ጫፍ ሲነሳ በገዛ ክብደቱ ስፌቱን ይበጥሳል። እርስዎ ግን ማንም ሳይነግርዎ ሰፊ ጣውላ ከሥር እያስገቡ አንድ በአንድ አወጧቸው። እኔ ስደርስ ግማሹ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ከዚያ እናቶች መጣችሁ። ነጭ አንሶላ የያዘ፣ ቬንትሌተር የተሸከመ፣ ካውያ ያመጣ። እርጥብ ጨርቅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ስለሚችል ጊዜ አልነበረንም። አንዳችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ «የማን ነው ብላችሁ አትንገሩኝ፤ ሁሉንም ገልብጬ ነው የማደርቀው» ስትሉ ሰማሁ። ሁሉም እንደዚያው አደረገ። ጽሑፉ ያለበት ፊት ወደ ታች፣ ከሥሩ ደረቅ አንሶላ፣ ከላይ የቬንትሌተር ንፋስ። ማተኮሱም ከጀርባ ሆነ። የተቀባ ጨርቅ ፊቱ ላይ ካውያ በቀጥታ ካረፈበት ቀለሙ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ገልብጦ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ መተኮስ የግድ ነው። እናንተ ግን ሙያው የሚጠይቀውን ብቻ አይደለም የሠራችሁት፤ የልጆቹን ገመና እየሸፈናችሁ ነበር። አንዷ ተማሪዬ ጥግ ቆማ የራሷ ሥራ እስኪያልፍ ድረስ ስታያችሁ ነበር። አልፎ፣ ማንም ሳያገላብጠው ደርቆ፣ ታጥፎ እጇ ላይ ሲደርስ ካውያውን ተቀብላ ከእናንተ ጋር መሥራት ጀመረች።

አብዛኛው ሥራ ተረፈ። አክሪሊክ ቀለም አንዴ ከደረቀ ውኃ አይፈታውም፤ የጨርቅ ሚድየም (ቀለሙ ጨርቅ ላይ እንዲይዝ የሚጨመር ፈሳሽ) ተቀላቅሎበት በካውያ ሙቀት ከጸና ደግሞ እጥበትም ይችላል። የተጎዳው በሁለት በኩል ነው። ጠቆር ያለ ቀይ የጥልፍ ክር ቀለሙን ለቅቆ ዙሪያውን አቅልሟል። በተራ ብዕር የተጻፉ ጽሑፎች ደግሞ ተስፋፍተው ደመና ሆነዋል።

ከእነዚህ የአንዷን ታሪክ፣ እሷው ፈቅዳልኝ፣ ልንገራችሁ። የጻፈችው ከግማሽ በላይ ፈስሶ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ቀርቶ ነበር። አዲስ ጨርቅ አቀረብኩላት፤ አልፈለገችም። ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደውን የጥልፍ ክር ፈታች፤ አንዷን ለይታ መርፌዋ ውስጥ አስገባችና የእድፉን ዳር ዳር ይዛ፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ግማሽ ወደ ኋላ በሚመለሰው ስፌት ዞረችው። እድፉ የሄደበትን ሁሉ፣ ቀጭኗን ጥግ ሳይቀር፣ ተከተለች። ከተረፉት ፊደላት የሚነበቡትን ጠለፈች፤ የጠፉትን በባዶ ተወች። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቆማል።

ትምህርት ስንጀምር ስለ ኤልዛቤት ፓርከር ነግሬያችሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ በሰው ቤት ስታገለግል የደረሰባትን በደል በቀይ ሐር ክር በነጭ ጨርቅ ላይ የጠለፈች እንግሊዛዊት ወጣት ናት። ሥራዋ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ የእሷም ጽሑፍ ሳያልቅ መሃል ላይ ነው የሚቆመው። ያኔ «ለምን አልጨረሰችውም?» ብላ የጠየቀችኝ ይህችው ልጅ ነበረች። ልጄ፣ ያን ሥራሽን ሳትጥዪ ስለቀጠልሽበት አመሰግንሻለሁ። ካንቺ በኋላ ጨርቁ የተበላሸበት ተማሪ ሁሉ አዲስ ስጪኝ ማለቱን ተወ።

ጃኬቱን የሠራኸውም ልጅ እንዲሁ። አግነስ ሪኽተር የተባለች ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1895 ገደማ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሳለች፣ የለበሰችውን ጃኬት ከውስጥም ከውጭም በጽሑፍ ጠልፋዋለች። አንተ ከእሷ ሐሳብ የውስጡን ብቻ ወስደህ፣ ቃላትህን ሁሉ ገላ በሚነካው በኩል አደረግህ። በኤግዚቢሽኑ ላይ ጃኬቱ ተቆልፎ ሲሰቀል ሰው ከውጭ ያየው ቀለሙንና የክሩን ቋጠሮ ብቻ ነው። እንዲህ አድርገህ ለማሳየት መድፈርህን አከብራለሁ።

ልታዩ የመጣችሁ እንግዶችም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ክዳን ያላቸው ሥራዎች ነበሩ፤ ገልጦ ማየት የሚቻለው «ግለጡኝ» የሚል ከተጠለፈባቸው ብቻ ነበር። በሌሎቹ ፊት እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ ስትቆሙ ተማሪዎቼ አዩ።

ወላጆች፣ የእናንተ ፈተና ከሁሉም ይበልጥ እንደነበር ይገባኛል። ልጃችሁ የጻፈው ነገር፣ ምናልባትም ስለ እናንተ የጻፈው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተሰፍቶ ተዘግቶ ተቀምጧል። አንድ አባት ልጃቸው በሰፋው ኪስ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ «ይህ ስፌት ምን ይባላል?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ልጁም የሰንሰለት ጥልፍ መሆኑን ነገራቸውና መርፌው ከወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ሲገባ ቀለበቱ እንዴት እንደሚያዝ በጣቱ አሳያቸው። ብዙ አወሩ። አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዳራሹን ለሰጡን፣ ሥራዎቹን ለሰቀሉልን፣ ያለ ክፍያ ፎቶ ላነሱልን፣ ክርና መርፌ ለላኩልን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሥራችሁን ገና ያልወሰዳችሁ ተማሪዎች፣ ስትመጡ አንድ ነገር አደራ። ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል፤ ስትጠቅሉትም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን፣ አለዚያ ቀለሙ ይሸበሸባል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ቀይ ክር ያለበትን ውኃ አታስነኩት።

እናቶች፣ አንሶላዎቻችሁ ታጥበውና ተተኩሰው ይጠብቋችኋል። አንዳንዶቹ ላይ ሰማያዊው ቀለም አልለቀቀም፤ እነዚያን በአዲስ እንተካለን። ልጆቹ ግን እድፍ ያለባቸውን ለሚቀጥለው ሥራቸው ለምነውኛል፤ ከፈቀዳችሁ እዚሁ ይቆዩልን።

አክባሪያችሁ፣
የጨርቅ ሥዕልና የጥልፍ መምህራችሁ