ለአባባ ለቅሶ ያልመጣሁበት ምክንያት

ፍራንክፈርት፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔና ባለቤቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ካረፉ አሥር ወር ሊሆን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍኩልሽ ከሐፍረት የተነሣ መሆኑን አስቀድሜ ልንገርሽ። እንደ ልጃቸው አቅፈው ያሳደጉኝ ሰው ሲቀበሩ ለምን እንዳልተገኘሁ በስልክ ላስረዳሽ ስሞክር ቃል አጠረኝ፤ ከዚያ በኋላም ቀኑ በገፋ ቁጥር መጻፉ እየከበደኝ ሄደ። አሁን ግን ፖርቱጋላዊ እጮኛሽን አግብተሽ እሱ ወደሚሠራበት ወደ ኮሎኝ ልትመጪ መሆኑን ከእናቴ ስሰማ፣ እኔን ያገኘኝ ነገር አንቺንም እንዳያገኝሽ ሳልነግርሽ ብቀር ሁለተኛ በደል እንደሚሆንብኝ ተሰማኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለቤቴ ጣሊያናዊ በመሆኑ እዚህ የተሰጠኝ፣ ጀርመኖች አውፈንትሃልትስካርተ የሚሉት የመኖሪያ ካርድ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። የተሰጠኝ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ስለነበር በመስከረም 2017 ዓ.ም. ጊዜው አበቃ። እኔ ግን «ገና ነው» እያልኩ ሰንብቼ ለቋሚ መኖሪያ ካርድ ያመለከትኩት አሥር ቀን ሲቀረው ነበር። ሕጉ ደግሞ ካርዱን አዘጋጅቶ ለመስጠት እስከ ስድስት ወር ጊዜ ይፈቅዳል። አባባ በጥቅምት ሲያርፉ በእጄ የነበረው ማመልከቻ ማስገባቴን የሚመሰክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ያለ ቪዛ የሚያስመልሰኝ ግን ጊዜው ያላለፈበት ካርድ ነበር። ስመለስ ቦሌ ላይ አውሮፕላን እንዳያሳፍሩኝ ፈርቼ ቀረሁ። የባሰ የሚቆጨኝ ደግሞ፣ ለእንደኔ ያለችው የትዳር ጓደኛ የመግቢያ ቪዛ ያለ ክፍያና በተፋጠነ አሠራር እንዲሰጣት ያው ሕግ እንደሚያዝ ያወቅኩት ከአርባው በኋላ መሆኑ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቀብሩ ቢያመልጠኝ እንኳ ለአርባው ልደርስ እችል ነበር።

ይህ ሕግ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው፣ ቁጥሩም 2004/38 የሆነ መመሪያ ነው። የሚሠራው የኅብረቱ ዜጋ ከገዛ አገሩ ወጥቶ በሌላ የኅብረቱ አገር ሲኖር ስለሆነ አንቺን ይመለከትሻል። እጮኛሽ ጀርመናዊ ቢሆን ግን የጀርመን የራሷ ሕግ ይገዛሽና እንደ ደንቡ ከመምጣትሽ በፊት የቋንቋውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ትጠየቂ ነበር። ይህን ልዩነት ሳያውቁ የሰው ምክር ሰምተው የተደናገሩ ብዙ አበሾች አይቻለሁና፣ ጀርመናዊ ያገባች ጓደኛ የምትነግርሽን ሁሉ የአንቺም ጉዳይ አድርገሽ አትውሰጂው።

ከሁሉ በላይ እንድትይዥልኝ የምፈልገው፣ ካርዱ የመብትሽ ማስረጃ እንጂ መብቱ ራሱ አለመሆኑን ነው። መብቱ የሚመነጨው የኅብረቱ ዜጋ የሆነ ባልሽ እዚህ በመሥራቱና አንቺም ሚስቱ ሆነሽ አብረሽው በመኖርሽ ነው። የመመሪያው አንቀጽ 25 መብትን ለመጠቀም ካርድ መያዝ ቅድመ ሁኔታ እንዳይደረግ በግልጽ ይከለክላል። ካርዴ ባለፈበት ሰሞን የምሠራበት ድርጅት አዲሱ ካልመጣ ከሥራ እንደሚያግደኝ በደብዳቤ ሲያሳውቀኝ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ በአራተኛው ቀን አንቀጹን አትሜ ማመልከቻ ማስገባቴን ከሚያሳየው ወረቀት ጋር ሰጠኋቸውና ሥራዬ ቀጠለ። እህቴ፣ ከመስኮቱ ፊት አንገትሽን ደፍተሽ አትቁሚ። ለጉዞ ግን ካርዱ ራሱ የግድ ስለሚያስፈልግ፣ ሊያበቃ ብዙ ወራት ሲቀረው ቀጠሮ ያዢ፤ እዚህ ያለን ሰዎች «ተርሚን» የምንለው ይህ ቀጠሮ ራሱ ሳምንታት ይፈጃልና። ፓስፖርትሽም አብሮ እንዳያልፍብሽ ተጠንቀቂ።

ለቋሚው ካርድ አምስት ዓመት ሳይቋረጥ መኖር ያስፈልጋል። በዓመት ውስጥ በድምሩ ከስድስት ወር ያልበለጠ ከአገር መውጣት አያቋርጠውም፤ ለወሊድ፣ ለከባድ ሕመም ወይም ለትምህርት ደግሞ አንድ ጊዜ እስከ 12 ተከታታይ ወር ይፈቀዳል። በ2015 ዓ.ም. እናቴን ላስታምም አዲስ አበባ የቆየሁበትን ጊዜ ከፓስፖርቴ ማኅተሞች ላይ እየለቀምን ከባለቤቴ ጋር ስንቆጥር 148 ቀን ሆነ፤ ቆጥረን እስክንጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቺ ከመጀመሪያው ጉዞሽ ጀምሮ የወጣሽበትንና የገባሽበትን ቀን በደብተር ያዢ፤ የምትጽፊውም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ለመጀመሪያው ካርድ ሳመለክት የጋብቻ ወረቀቴን የተረጎመችው ሴት የእኛን ዓመት ሳትለውጥ በመጻፏ፣ ከእውነቱ ስምንት ዓመት ቀድሜ ያገባሁ መስዬ ታየሁና ትርጉሙ እንደገና እስኪሠራ ሌላ ቀጠሮ ለመጠበቅ ተገድጃለሁ። ስምሽ ከባልሽ ስም ጋር ለምን እንደማይገናኝ ሲጠይቁሽም፣ በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትተው በረጋ ድምፅ አስረጃቸው። የአባባ ስም ከአንቺ ጋር እዚህ ድረስ ይመጣል ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ዓይኔ እንባ ይሞላል።

ክፉ አያሰማን እንጂ ይህንንም ማወቅ ይገባሻል፤ ትዳር ቢፈርስ፣ ጋብቻው ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየና ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንዱ ዓመት እዚሁ ከሆነ የመኖር መብቱ ከባልሽ ጋር አይሄድም፤ ራስሽን የምታስተዳድሪበት ሥራ ወይም ገቢ ሊኖርሽ ግን ይገባል። ከሠርግ በፊት የሚነገር ነገር ባይመስልም፣ ይህን ባለማወቅ በፍርሃት ታስረው የኖሩ ሴቶች ስላሉ መንገሩን መረጥኩ።

የእኔ ካርድ በመጋቢት ወጣ። የከፈልኩት 37 ዩሮ ሲሆን፣ ሕጉ የአገሩ ዜጎች ለመታወቂያቸው ከሚከፍሉት በላይ እንዳይጠየቅ ስለሚያዝ ነው። አሁን የያዝኩት ካርድ አሥር ዓመት ያገለግላል፤ መብቱንም የሚያሳጣኝ ከሁለት ተከታታይ ዓመት በላይ ከጀርመን ውጭ መቆየት ብቻ ነው። ካርዱን በተቀበልኩ ዕለት ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያሰብኩት አባባን ነበር።

ለሙት ዓመታቸው በጥቅምት እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። እስከዚያ የፓስፖርትሽንና የጋብቻ ወረቀትሽን ቅጂ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ አብረን ቁጭ ብለን ቀን በቀን እናየዋለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የዘወትር እህትሽ