ጫማው የሚሚ ነው፣ መጻሕፍቱ ያንተ

ውድ ወንድሜ ኪያ፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ዕቃውን የምታደርስልህ ልጅ ነገ በጠዋት ትበራለች፣ ሻንጣዋን ዛሬ ማታ ትዘጋለች።

የአባባ የሁለተኛው ዓይን ቀዶ ጥገና ገንዘብ ባንክ ገብቷል። ለሚሚ ሰርግ ብላችሁ እንዳትነኩት። የሰርጉን ለብቻው እልካለሁ ብያለሁ፣ እልካለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነጭ ጫማ የሚሚ ነው። ከስሩ ያሉት ሦስት መጻሕፍት ያንተ ናቸው። እማማ «ከእንግሊዝ አገር ድረስ ወረቀት ይላካል? በዚያ ኪሎ ብርድ ልብስ አይመጣም ነበር?» ስትል ከአሁኑ ይሰማኛል። ለድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ! ግን ትጠይቃለች። የሚቀጥለው ሰው ይዞ ይመጣል በላት።

በድምፅ መልእክትህ «ጠፋሽ» አልከኝ። ተቆጥተህ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «እሺ ቢያንስ ጥሩ ፋንታሲ ንገሪኝ፣ ሃሪ ፖተርን ጨርሻለሁ፣ ከዚራ የምንገናኘው ልጆችም እየጠየቁ ነው» ስትል ሳቄ መጣ። ኪያ፣ ረስቻችሁ አይደለም። ሌሊት ነው የምሰራው። እኔ ስወጣ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፣ እናንተ ስትገቡ እኔ ልሄድ ነው። ደግሞ ደውዬ «ቪዛውስ?» ስባል የምለው አዲስ ነገር ሲጠፋኝ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በዚህ በኩል አትጫነኝ። ስለ መጽሐፍ ግን እስክትሰለች አወራሃለሁ። እዚህ ሼፊልድ ቤተ መጻሕፍቱ በነፃ ነው። ሰው የሚያየኝ እዚያና ሥራ ቦታ ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

ቀጭኑን አስቀድመህ ጀምር። «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ይባላል። ኧርሱላ ሌ ጉዊን በ1968 የጻፈችው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ)። ጌድ የሚባል ልጅ አለ፣ ጎንት በምትባል ደሴት ፍየል ሲጠብቅ ያደገ። የአስማት ትምህርት ቤት ይገባል። አዎ፣ ከሃሪ ፖተር ከ29 ዓመት በፊት! እዚያ አንድ የሚንቀው ልጅ ያናድደዋል፤ ጌድም ችሎታውን ሊያሳይ ብሎ የማይነካ ነገር ይነካል። በዚያ ቀዳዳ አንድ ጥላ ይወጣና ያሳድደዋል። ልጁ ከደሴት ደሴት ይሸሻል። ከዚያ አንድ ቀን መሸሹን ትቶ ይዞርበታል። የቀረውን አልነግርህም።

ጌድ ጠይም ነው፣ የልብ ጓደኛውም ጥቁር። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ጠንቋይ ሁሉ ነጭ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሰሩት ጌድን ነጭ አደረጉት። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፣ በአደባባይ ጽፋ ተቃወመች። ለዚህ ብቻ እንኳን እወዳታለሁ።

የዚሁን ታሪክ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ «ዘ ቶምብስ ኦፍ አቱዋን»ን፣ በስልክህ እልክልሃለሁ። እሱ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ወስደው፣ ስሟንም ነጥቀው፣ ከመሬት በታች ላለ የጨለማ ቤት ካህን ያደርጓታል። ገና ሲጀምር እናቷ ሲመሽ ወደ ቤት ነይ እያለች ትጠራታለች። ሌሊት በዕረፍት ሰዓት ሻይ ክፍል ተቀምጬ ነው የጀመርኩት። እማማ በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ እኛ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት ስማችንን እየቀላቀለች ስትጠራን ታወሰኝ። ያንተን በኔ፣ የኔን በሚሚ። ገጹን መግለጥ አቃተኝ። አብራኝ የምትሰራው ልጅ አመመሽ ወይ አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ይህንን አንቀጽ ለእማማ አታንብብላት።

«ዘ ሆቢት» ግን ለአባባ ነው። አንተ በእንግሊዝኛ አንብበህ በአማርኛ ትነግረዋለህ። ዓይኑ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ሬድዮ እየሰማ ከዜናው ጋር ይጣላል፣ ደሙ ይጨምራል። «የተረት መጽሐፍ ለሽማግሌ?» ካለህ የጻፈው ሰውዬ ወታደር ነበር በለው። ቶልኪን በ1916 ሶም በሚባለው የፈረንሳይ ግንባር ተዋግቷል። በኋላ ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ታሪኩንም ለልጆቹ ነበር የሚያወራላቸው። በ1937 ታተመ። ደግሞ ተረት ናቀ የሚባለው አባባ ነው እንዴ? ጅብ በጁገል ግንብ ቀዳዳ ሌሊት የሚገባው ጂን ሊበላ ነው እያለ ያሳደገን ማን ሆነና? በአሹራ ለጅብ ገንፎ ሲቀርብለት፣ ቀምሶት ከሄደ ዓመቱ ጥሩ ነው፣ ትቶት ከሄደ ወዮ። ይህንን ሐረር ተወልዶ አይቶ ነው የነገረን። እዚህ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ ፈጥሮ ቢጽፍ ሽልማት ይሰጡታል።

ምዕራፍ አምስት ስትደርስ ቀስ በል። ትንሹ ሰውዬ ቢልቦ ዋሻ ውስጥ ጠፍቶ ጎለም ከሚባል ፍጡር ጋር ይገናኛል። እንቆቅልሽ ይጫወታሉ! ቢልቦ ከረታ መውጫውን ያሳየዋል፣ ከተረታ ይበላዋል። አንተ እያንዳንዱን «እንቆቅልህ» ብለህ ጠይቀው፣ መልሱን እንዳትነግረው። ካቃተው አገር ይስጥህ። እኛ ስንሸነፍ ሐረርን እንሰጠው ነበር። «ሐረርማ ድሮም የኔ ናት፣ ሌላ አገር አምጡ» ይል ነበር። አሁን ተራው የሱ ነው።

ትልቁ፣ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»፣ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የወጣ ነው። እሱን ለራስህ አንብበው። መጀመሪያው ይጎተታል። ዘፈኖቹን ብትዘል ማንም አይከስህም። ለሳም ስትል ግን ታገስ፤ አትክልተኛ ነው፣ የኔ ጀግና እሱ ነው።

አሁን ምክር አይሉት ልመና። ያላለቀ ተከታታይ እንዳትጀምር። ማርቲንን ታውቀዋለህ፣ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን፣ የዙፋኑን ጨዋታ ሰውዬ። መጀመሪያው በ1996 ወጣ፣ አምስተኛው በ2011። ስድስተኛውን ዓለም ሁሉ እስከ አሁን ይጠብቃል። ሮትፈስ የሚባለውም በ2007 እና በ2011 ሁለት ምርጥ መጻሕፍት አውጥቶ ሦስተኛው የለም። አጻጻፉ ማር ነው፣ ግን እኔ መጠበቅ በቅቶኛል። ፖስታ ሳጥን ከፍቼ ባዶ ሳይ የሚሰማኝን ስሜት ደግሞ በመጽሐፍ ገዝቼ አላመጣውም። ረጅም ከፈለክ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» አለልህ። አሥራ አራት ቅጽ ነው፣ በ1990 የተጀመረ። ጸሐፊው ሮበርት ጆርዳን በ2007 ሳይጨርሰው ሞተ። ማስታወሻውን ትቶ ስለነበር ብራንደን ሳንደርሰን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጽፎ በ2013 ዘጋው። መሃሉ ላይ ልብ ያደርቃል፣ እውነቱን ልንገርህ። ቢሆንም አልቋል።

ከሁሉ የበለጠብኝ «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» ነው። ኤን ኬ ጀሚሲን ትባላለች፣ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የሦስት መጽሐፍ ታሪክ ነው፣ አልቋል! ሦስቱም ተከታትለው በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ሁጎ የተባለውን የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ወሰዱ። ከሷ በፊት ማንም ሦስት ዓመት አከታትሎ በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ አልወሰደም። ምድሪቱ ራሷ የምትቆጣበት ዓለም ነው። መንቀጥቀጡን በአካላቸው ማስቆም የሚችሉ ሰዎች አሉ፣ ሌላው ሰው ግን ይፈራቸዋል፣ ይገድላቸዋል። በፈንታሌ በኩል መሬት ስትንቀጠቀጥ በነበረበት ሰሞን ነው ያነበብኩት፤ ያኔ በየሰዓቱ እየደወልኩ ያሰለቸኋችሁ ለዚህም ነው። አጀማመሩ ከባድ ነው። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ባሏ ገድሎት ታገኛለች፣ ሴት ልጇንም ይዞባት ጠፍቷል። በሰርጉ ሰሞን አታንብበው።

ለሰርጉ ሰሞን ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሦስተኛው አለልህ፣ «ሞርት»። ቴሪ ፕራቼት፣ 1987። ዓለሙ ጠፍጣፋ ሆኖ በአራት ዝሆኖች ላይ፣ ዝሆኖቹም በኤሊ ላይ ናቸው። ሞት ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው። ድመት ይወዳል፣ ሥራ ሰለቸውና ረዳት ይቀጥራል። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ስለዚህ ጠፍጣፋ ዓለም 41 ልብ ወለድ ጽፏል። በ2007 አልዛይመርስ የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዳለበት ነገሩት፤ እጁ ሲያቅተው በቃል እያስጻፈ ቀጠለ፣ በ2015 ሞተ። እኔ በምሰራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ያሉት ብዙዎቹ በዚያው በሽታ የተያዙ ናቸው። አንዱ አዛውንት ሌሊት እየተነሳ ባቡር አመለጠኝ ይላል። ጫማውን አስሬለት ባቡሩ ዘግይቷል እለዋለሁ፣ ይተኛል። የሰው አባት አገላብጣለሁ፣ የራሴን አባት ዓይኑን ጠብታ የሚያደርግለት ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከዚያ ነው፣ እና እዚያ ላይ እናቁም። ሥራው ቀላል ነው፣ ሙቀት አለው፣ ምግብም ይሰጡናል።

ሚሚ ተቀይማኛለች ወይ? እውነቱን ንገረኝ። ሽማግሌ መላኩን ከሰው ነው የሰማሁት፣ እኔም ትንሽ ቅር ብሎኛል። የልጁን ፎቶ ግን አየሁት። ጆሮው ትልቅ ነው፣ ደግ ሰው ይመስላል። ይህችን ልጅ ትከሻዬ ላይ አዝዬ ቀፊራ ገበያ ያዞርኳት እኔ ነኝ። በሒናዋ ቀን እጇን ይዤ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ መሆን ያለብኝ። የቪዛ ማደሻው መልስ ሳይመጣ ከአገር ከወጣሁ ማመልከቻው ይሰረዛል፣ ይህንን ለሷ አስረዳት፤ እኔ ስነግራት ሰበብ ይመስላታል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው። ማታ አድርጉት፣ በቀን ሙቀት ሙሽራ አታቃጥሉ። ጫማው ቢጠባት እርጥብ ጋዜጣ ከቶ ማሳደር ነው። ቪዲዮውን ስልክ አግድም ይዛችሁ ቅረጹ፣ እባካችሁ። እማማ ስታለቅስ ካሜራውን አታዙሩት፤ እዚያው አቆዩልኝ።

አባባ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጎንበስ ብሎ ዕቃ እንዳያነሳ። ዓይኑን እንዳያሽ። በአቧራ ቀን ወደ ለገሃር ካልወጣሁ ካለ በሩን ቆልፉ። ጠብታውን በሰዓቱ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ።

መጻሕፍቱን ለከዚራ ልጆች አውስ፣ ግን አንድ በአንድ፣ ስም ጽፈህ። «ሆቢት»ን አባባ ሳይጨርሰው ለማንም እንዳትሰጥ። የደረሳችሁበትን ምዕራፍ በድምፅ ላክልኝ፣ አባባ የትኛውን እንቆቅልሽ እንደመለሰም ጨምረህ። እሑድ ሥራ የለኝም፣ እኔ ነኝ የምደውለው።

እታለምህ