ውሮ ነው ወይስ ሚሚ ናት? የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ የዓመቱን ሥራ በድምፅ መረጥን። የአፈር ምርመራ 4 ድምፅ አገኘ። ችግኝ ማፍላት 6 አገኘ። «የቤታችን ድመት» 21 ድምፅ ይዞ አሸነፈ። ድመት የሌላቸው ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን አውጥተዋል። እውነቱን ለመናገር እኔ ችግኙን ነበር የምፈልገው።

ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የደብተሩን ገጽ መሃል ለመሃል ያሰምራል። በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «የመሰለኝ» ብሎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ደብተር ሲሰበሰብ ግራው ባዶ ነው፣ ቀኙ ሞልቶ ፈሷል። «ተበቀለችኝ።» «በእህቴ ቀናች።» «ሒሳብ እንዳልሠራ ብላ ደብተሬ ላይ ተኛች።» ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ምን አየህ? ምን አየሽ? እስከ ኅዳር ድረስ ሌላ ነገር የጻፍኩ አይመስለኝም።

በጠቅላላው 23 ድመቶች ተመዘገቡ። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ሙቀቱ ያልወጣለት አክምባሎ ላይ የሚተኙት ብቻ አምስት ናቸው። የክበቡ ኮከብ ግን የአንድ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ድመት፣ ውሮ ነው። እነሱ ቤት ቋንጣ ገመድ ላይ ይሰጣል። ውሮ ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። ከሰዓት በኋላ ግን ቋንጣው ይጎድላል። አያትየው ልጆቹን ጠርጥረው ነበር። ልጁ አራት ቀን በር ጥግ ተደብቆ ጻፈ። ቡና ሲወቀጥ ውሮ ይነሳል። ይንጠራራል። ቤተሰቡ ረከቦቱን ከቦ ሲቀመጥ እሱ ከጤፉ ጆንያ ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ ገመዱ።

የሚያስነሳው ሽታው ነው ወይስ ድምፁ? ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ልጁ አንድ ቀን ባዶ ሙቀጫ በዘነዘና ወቀጠ። ቡና የለም፣ ጭስ የለም። ውሮ ተነሳ። ማታ አያትየው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ባዶ ሙቀጫ እየወቀጠ ነው። ምን አስነካችሁት?»

የቶርንዳይክን ሙከራ የነገርኳቸው ያን ሰሞን ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ሙከራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። የተራበ ድመት ሣጥን ውስጥ ይዘጋበታል፣ ምግብ ውጭ ይቀመጣል። ገመድ ሲሳብ ወይም መቀርቀሪያ ሲነካ በሩ ይከፈታል። ድመቱ ይቧጭራል፣ ይነክሳል፣ ይታገላል። ድንገት ገመዱን ይነካና ይወጣል። ሲደጋገም የሚፈጅበት ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። እንደ ቶርንዳይክ ከሆነ ድመቱ ነገሩ ገብቶት አይደለም፤ የሠራለትን እየደገመ ያልሠራለትን እየተወ ነው የተማረው። ልጆቹ ቅር አላቸው። «ቲቸር፣ ታዲያ ውሮ ጎበዝ አይደለም?» እኔ ጎበዝ ነው ባይ ነኝ። ቋንጣውን የበላው እሱ፣ የተቆጡት ልጆቹ።

አንድ ሐሳብ ከልክያለሁ። ድመት ስትወድቅ ተገልብጣ በእግሯ እንደምታርፍ ለማየት ከበረንዳ መልቀቅ የፈለጉ ነበሩ። ይህን ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1894 በተከታታይ ፎቶ አንስቶ ጨርሶታል። ፎቶዎቹን አየን፣ በቃን።

ጥር ላይ ካሬ ሠራን። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ። ድመት ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ወለል ላይ ካሬ፣ እንዲሁም የሌለውን ካሬ ያለ የሚያስመስሉ ቅርጾች አስቀምጠው ድመታቸው የት እንደምትቀመጥ አዩ። ከ500 በላይ ድመቶች ተመዝግበው እስከ መጨረሻው የዘለቁት 30 ብቻ ናቸው። ይህን ሳነብ ተጽናናሁ፤ የእኛም ደብተሮች በግማሽ ቀንሰው ነበር። እኛ ካሬውን በፕላስተር ሠራን። አንዷ ድመት ገብታ ቁጭ አለች። አንዷ ፕላስተሩን ልጣ አኘከችው። የቀሩት ዞር ብለውም አላዩት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቋንጣው ወረደ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። የልጁ ደብተር ላይ «ውሮ ጎረቤት እያፈጠረ ነው» የሚል አገኘሁ። ቀይ እስክሪብቶ፦ ምን አየህ? በማግስቱ ታረመ፦ «12፡30 ላይ አጥር ዘለለ። 2፡00 ላይ ከንፈሩን እየላሰ ተመለሰ።» አያትየው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለው እንደሳቁም ጽፏል።

በዚያው ሳምንት የአንዲት ስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ከሥሩ ነበር። «ሚሚ 12፡30 ላይ በአጥር ገባች። ሳምቡሳ ሰጠናት። ሥጋውን በልታ ሊጡን ተወችው።» ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ግራጫ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ። ግራጫ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ። ሁለቱ ልጆች ጎረቤት ናቸው። ስድስት ወር አንድን ድመት ሁለት አድርገን ስንቆጥር ከርመናል።

ጭቅጭቁን ልተወው። ስሙን ለመለየት የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙትን ዘዴ ተጠቀምን። ርዝመታቸው ከስሟ ጋር የሚቀራረብ አራት ቃላት ይነበባሉ፣ አምስተኛው ላይ ስሟ ይጠራል፣ ጆሮዋና ራሷ ይታያል። «ውሮ» ሲባል ጆሮ ተነቃነቀ። «ሚሚ» ሲባልም ተነቃነቀ። ጾታውን ደግሞ ማንም ቀረብ ብሎ አላየም። አንደኛው «ዘለለ» ይላል፣ ሌላዋ «ዘለለች» ትላለች። እኔም እስካሁን «እሱ» ስል የቆየሁት የልጁን ደብተር ተከትዬ ነው።

ግንቦት ላይ ነገሩ ለየለት። ልጅቷ ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሦስት ልጆች ተወለዱ። ልጁ ደብተሩን ከመስከረም ጀምሮ እየገለጠ «ዘለለ» ያለውን ሁሉ «ዘለለች» እያለ አረመ። በአምስተኛው ቀን እናትየዋ ልጆቿን ማጅራታቸውን በአፏ ይዛ፣ አንድ በአንድ፣ በአጥሩ ላይ ወደ ልጁ ቤት አሻገረቻቸው። ሁለቱም ደብተሮች ሰዓቱን በትክክል መዝግበዋል። «የመሰለኝ» የሚለውን ግን ሁለቱም ባዶ ትተውታል። ኮርቼባቸዋለሁ።

እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ፦ ፋሲካ አልፎ ቋንጣው ገመዱ ላይ ተመልሶ ነበር።