ሰበብ መስሎኝ ነበር

ሱሉልታ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሌ፤

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ እንዳልጀምር፣ አራት ዓመት ጠፍቶ የከረመ ሰው ይህን ሲል ያሳፍራል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘነበችም ልጆቹም ደህና ናቸው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ስላንተ በጠየቀችኝ ቁጥር «ደውሎ ነበር» እያልኩ እዋሻታለሁ።

ለምን እንደጠፋሁ ሳትጠረጥር አትቀርም። ያኔ ይህን ቤት ጣሪያ አልብሼ የበርና የመስኮት ብር አጥሮኝ ነበር። ላንተ የደወልኩት ለዚያ ነው። አፌን ሳልከፍት አሜሪካ፣ ሜይን ስላለው ቤትህ ማሞቂያ ናፍጣ ጀመርክ። 275 ጋሎኑን ታንከር አስሞልተህ ወር ተኩል እንዳልቆየ፣ ባለሙያው ናፍጣ የሚረጨውን አፍንጫ ቀይሮ፣ ማጣሪያውን ቀይሮ፣ ምንም ለውጥ እንደሌለ ነገርከኝ። «በሐምሌ እንኳ፣ እዚህ በሚሞቅበት ወር፣ ማሞቂያ ሳልከፍት፣ ምድር ቤት ያለው ማሽን እየተነሳ ያጓራል» አልከኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ይሄ ሰው ብር እንዳልጠይቀው አስቀድሞ አጥር እያጠረ ነው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ለዘነበች «ሜይን ድረስ ሄዶ ለናፍጣ ያለቅሳል» ብዬ ሳቅኩብህ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም።

አሁን ነገሩ እኔ ቤት ገባ።

ሱሉልታን ታውቃታለህ፤ እንጦጦን ተሻግረህ ስትመጣ፣ አዲስ አበባ ሹራቡን ሲያወልቅ እኛ ጋቢ የምንደርብበት አገር ነው። ልጆቹ በቀዝቃዛ ውሃ አይሞከሩም፣ ስለዚህ ባለ 80 ሊትር ቦይለር አስገባሁ። ሁለት ዓመት በሰላም ሠራ። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ የመብራት ቢሉ ያብድ ጀመር። በመጀመሪያ ታሪፍ ነው አልኩ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፤ ሰፈሩም ሌላ ወሬ የለውም፣ እኔም አብሬ ሳማርር ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ብሩን ትቼ የተጠቀምኩትን ኪሎ ዋት ሰዓት ከአሮጌዎቹ ቢሎች ጋር አስተያየሁት። ድሮ በወር 190 ገደማ ነበር፣ አሁን 360 ደርሷል። ታሪፍ ብር ያስወጣል እንጂ ቆጣሪ አያዞርም። በዚያ ላይ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱም ዋጋ ከፍ ወዳለ ደረጃ ይገባል፤ በሁለት በኩል መገረፍ ነው።

ቀጥሎ የተከሰሰው ምጣዱ ነው። ዘነበችን «እንጀራውን ከገበያ እንግዛ» ብያት ሦስት ቀን ኮረፈችኝ። ስትጋግር ቆጣሪውን አነበብኩት፤ አንዱ ጋገራ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። በሳምንት ሁለቴ ነው፣ በወር 40 ገደማ፣ እሱም ድሮም የነበረ። ይቅርታ ጠየቅኩ። (ቡና አፍልታ ሰጠችኝ፤ ስኒው ግን እንደ ወትሮው አልሞላም።)

ከዚያ የመብራት ሠራተኛ አመጣሁ። ቦይለሩን ፈትቶ ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ አወጣና የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር አሳየኝ። «ጋሼ፣ ሌባዎ ይኸውልዎት!» አለኝ። ሦስት ሺህ ብር ወጣና ተቀየረ። በወሩ ቢሉ ያው። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ልክ አልነበረም። ቅርፊቱ ሬዚስታንሱን ያቃጥለዋል፣ ውሃውንም ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ ግን ከታንከሩ ውጭ የት ይሄዳል? የበላው ሁሉ ውሃው ውስጥ ነው የሚቀረው። ተቀይሮ ለውጥ ያላመጣው ያንተ የናፍጣ አፍንጫም ትዝ ያለኝ ያን ዕለት ነው።

በኅዳር አንድ ሌሊት የቦይለሩን ብቻ ትቼ ብሬከሮቹን ሁሉ አወረድኩ፣ ፍሪጁንም ጭምር። ጋቢዬን ለብሼ በር ላይ ካለው ቆጣሪ ሥር በርጩማ አስቀመጥኩ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ እዚያው ላይ ተጽፏል። ቦይለሩ 1500 ዋት ስለሆነ ሲነሳ በደቂቃ 40 ጊዜ ትላለች። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እየተነሳ እየጠፋ ድምሩ አንድ ሰዓት ያህል ሠራ። የጎረቤት ዘበኛ ባትሪውን አብርቶብኝ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። መብራት እየቆጠርኩ ነው ስለው ዝም ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ ዘጋሁና እንደገና ተቀመጥኩ። በአምስት ሰዓት ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የተነሳው። የሞቀ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው።

የት እንደሚሄድ ያሳየችኝ ድመቷ ናት። ክረምቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር፣ አንዲት ሴራሚክ ላይ ብቻ ትተኛ ነበር። ልጆቹ «ቦታዋ ነው» ይሉ ነበር። ገለል አድርጌያት መዳፌን ብለጥፍ ወለሉ ለብ ብሏል። ሴራሚኩ ሲነሳ የሙቅ ውሃው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ውሃው እየሾለከ ወደ አፈሩ ይገባል። የቧንቧ ሠራተኛው በጣሳ ለካው፤ በሰዓት 5 ሊትር ያህል። በቀን 120 ሊትር ውሃ ለአፈር እያሞቅን ነበር። ሂሳቡን ሠራሁት፤ 40 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ይበላል፣ በወር 170 ይጠጋል። የጠፋችብኝ ቁጥር ቁጭ! ሮቶው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅም ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነው ብዬ ነበር።

ሙሌ፣ ያን ሁሉ ሌሊት በርጩማው ላይ ስቀመጥ ያንተ የሐምሌ ማሽን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሰበብ አልነበረም። ስላንተ ዓይነት ማሽንም ሳነብ ከረምኩ። ብዙዎቹ ቤቱን ብቻ ሳይሆን የቧንቧውንም ውሃ ያሞቃሉ፤ ስለዚህ በሐምሌም ቢሆን ትንሽ መነሳቱ ያለ ነው። ጥያቄው ስንት ጊዜ ነው የሚለው ነው። አፍንጫው ላይ በሰዓት ስንት ጋሎን እንደሚረጭ ተጽፎበታል፤ አንድ ሌሊት የሚሠራበትን ደቂቃ ደምርና አባዛው። በሚቀጥለው ሌሊት ወደ ሙቅ ውሃው የሚገባውን ቀዝቃዛ ቧንቧ ለባለሙያ አሳይተህ ዝጋና እንደገና ቁጠር። ምናልባት አግኝተኸው፣ ረስተኸውም ይሆናል፤ እኔ የአራት ዓመት ወሬ ነው የያዝኩት።

በሩንም መስኮቱንም በዕቁብ ጨርሼዋለሁ፣ ስለሱ አታስብ። ያኔ አለመጠየቄ ሳይሆን በልቤ ያማሁህ ነው የሚከብደኝ። ደውልልኝ፣ ወይም እኔ ልደውል፣ የትኛው ሰዓት እንደሚሻልህ ብቻ ንገረኝ። እናቴም መዋሸቴን ሳታውቅ አትቀርም።

ድመቷ ሴራሚኩ ከቀዘቀዘ ወዲህ የኔ ጋቢ ላይ ነው የምትተኛው።

ወንድምህ